በፈተና ሰሞን መድኃኒት ቤት የሚጠየቁ ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ በመድኃኒት ባለሙያነት የሚሠራ ሰው የዩኒቨርሲቲዎቹን የትምህርት ካሌንደር ሳያይ የፈተና ሰሞን መድረሱን ማወቅ ይችላል። የራስ ምታትና የጨጓራ መድኃኒት ከወትሮው በላይ ይሸጣል፤ ኢነርጂ ድሪንክ የሚይዙት የሰፈር ሱቆች ባዶ ካርቶን ደጃፋቸው ላይ ይከምራሉ፤ ምሽት ላይ ደግሞ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ መደርደሪያውን እያዩ የሚጠብቁ ወጣቶች ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ተማሪዎች «አእምሮን የሚያነቃ መድኃኒት» እንደሚወስዱ የሰማ ሰው እነዚህ ወጣቶች የሚፈልጉት እንቅልፍ የሚከለክል ክኒን ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ንቃት ፍለጋ የሚመጣው ጥቂት ሲሆን አብዛኛው የሚመጣው እንቅልፍ ፍለጋ ነው።

ባለፈው የፈተና ሰሞን የመጣ አንድ የምህንድስና ተማሪ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ልንዘጋ ስንል ገባና «ዶክተርዬ፣ ትንሽ የሚያስተኛ ነገር የለህም? ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፤ ዓይኔ አልከደን አለኝ» አለኝ። (መድኃኒት ቤት የቆመን ሁሉ ዶክተር ማለት የአገር ልማድ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው አንተ ማለት ደግሞ የድሬ ልማድ ነው፤ በሁለቱም ቅር አይለኝም።) ከንፈሩ ደርቋል፣ መንጋጋው የሚያኝከው ሳይኖር ይንቀሳቀሳል፣ በእጁ የያዘው ባለ ግማሽ ሊትር ውኃ ተጨምድዶ ባዶ ሆኗል። ጫት መቃም መቼ እንደ ጀመረ ስጠይቀው ከምሳ በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማልሰጥ ስነግረው አልተከራከረም፤ «በቃ፣ በጨብሲ እሰብራታለሁ» ብሎ ወጣ። ጨብሲ ምርቃናን፣ ማለትም ጫት የሚያመጣውን ንቃት፣ ለመስበር የሚጠጣው ቢራ ወይም አረቄ ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ለማንበብ አንድ ነገር፣ ለመተኛት ሌላ ነገር ወስዶ፣ ሲነጋ ደግሞ ለመንቃት ጠንከር ያለ ቡና ጠጥቶ ወደ ፈተና አዳራሽ ይገባል ማለት ነው።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ስለ «ብልህ ክኒን» ብዙ ይጻፋል፤ የእኛም ልጆች ያንን እያነበቡ አዲስ ነገር የመጣ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ አካባቢ ጉዳዩን ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን አልፎ፣ ሐረር ሳይደረስ አወዳይ ትገኛለች። ገበያዋ ሌሊቱንም ጭምር የሚሠራ ነው፤ ከዚያ የተጫነው ጫት ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ አገር የሚሄደው በፍጥነት ነው፤ ሾፌሮቹም እንዴት እንደሚነዱ በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ጥድፊያ ምክንያቱ የነጋዴ ስስት ብቻ አይደለም። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈና መድረቅ ከጀመረ በኋላ ይህ ንጥረ ነገር ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ሁለት ቀን ያደረ ጫት ዋጋ የሚያጣው ለዚህ ነው። ኬሚስቶች ካቲኖንን ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ የደረቀ ቅጠል እየመረመሩ ዋናው ነገር ካቲን ነው ብለው ያምኑ ነበር። የአወዳይ ነጋዴ ግን ለጋውንና የጠወለገውን በዋጋ ሲለይ የኖረ ነው።

ካቲኖን በአሠራሩ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው፤ በኬሚካል አወቃቀራቸው የሚለያዩት አንድ የኦክስጅን አቶም በምትያያዝበት ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን መልእክት አስተላላፊዎች ከማከማቻቸው አስወጥተው በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ረሀብ ይጠፋል፣ ንግግር ይቀናል፣ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል። በውጭ አገር ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው አዴራል የአምፌታሚን ጨዎች ድብልቅ ነው። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ተማሪ ክኒን ውጦ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ አንድ የሐረማያ ተማሪ ደግሞ ዙርባውን (የጫት እስሩን) ይዞ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ፣ በአንጎላቸው ውስጥ የሚሆነው ነገር በጣም ተቀራራቢ ነው። የሚለያዩት በመጠን፣ በፍጥነትና በዙሪያቸው ባለው ሥርዓት ነው። የክኒኑ መጠን በሚሊግራም ተለክቶ ተጽፏል፤ ቅጠሉ ግን ከማሳ ማሳ፣ ከእስር እስር ይለያያል።

ለጥናት ብሎ መቃምም የዩኒቨርሲቲ ፈጠራ አይደለም። በሐረርና በዙሪያዋ ቁርአንና ኪታብ የሚቀሩ ደረሶች፣ ሌሊቱን በዱዓና በዚክር የሚያሳልፉ ሼኾች ጫትን ለንቃት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዕፁም በዚህ ምድር የቆየ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የዓፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መቀመጫ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱ ተመዝግቧል። ነገር ግን የደረሳውን አቃቃምና የዛሬውን የዶርም አቃቃም አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ደረሳው በኡስታዙ ፊት ተቀምጦ ያንኑ ጽሑፍ በቃሉ እስኪወጣው ድረስ ወራትና ዓመታት ይደጋግማል፤ ጫቱ የሚያግዘው በየቀኑ የሚቀጥል ድግግሞሽን ነው። የዛሬው ተማሪ ደግሞ በአንድ በርጫ፣ ማለትም ለመቃም በሚቀመጥበት በአንድ ጊዜ፣ የአንድ ሴሚስተር ሃንድአውት ሊጨርስ ይቀመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የድሬዳዋ አየር ለዚህ የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህን ከሌላ አገር የሚመጡ መምህራን ቶሎ የሚረዱት አይመስለኝም። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ከተማው ይተኛል፤ ከከዚራ እስከ መጋላ ሱቆች ይዘጋሉ፤ በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ክዳን ባለበት ክፍል ውስጥ መጽሐፍ መግለጥ የሚችል ሰው ብርቱ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሦስት ምርጫ ይኖረዋል፤ ይተኛል፣ ያወራል ወይም ይቅማል። ከቃመ ምርቃናው የሚመጣለት ፀሐይዋ ስታዘነብልና ነፋሱ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን ይገልጣል። ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ያህል በእርግጥም ያነባል፤ ይህንን መካድ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ግን ገጽ እየገለጠ ከጓደኛው ጋር ስለ ወደፊት ኩባንያቸው ሲያወራ ወይም በአንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ተተክሎ ሲቀር ያድራል። በርጫ ላይ የታቀደው ቢዝነስ ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ድሬዳዋ ዛሬ ዱባይን ባስናቀች ነበር።

ክኒኖቹን በተመለከተ፣ ሐረማያ የሚማረው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን የመድኃኒት ፎቶ ልኮ «ጋሼ፣ ይሄ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በቴሌግራም የሚሸጥ ነገር ነው፤ ከፎቶው ስር ትኩረትን በእጥፍ እንደሚጨምር፣ ሱስ እንደሌለውና «የውጭ ተማሪዎች ምስጢር» እንደ ሆነ ተጽፏል። በእሽጉ ላይ ያለው ስም ሞዳፊኒል ነው፤ በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ግን ከፎቶ ማወቅ አይቻልም፤ ያልታወቀ ሰው በእጅ አሳልፎ የሚሰጠው ክኒን ስታርችም፣ የእንቅልፍ መድኃኒትም፣ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። መልስ ስሰጠው ከዚህ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ግን የጠየቀው ነገር እውነተኛ መልስ የሚገባው ስለ ሆነ ክኒኑ እውነተኛ ቢሆን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጻፍኩለት። ለእሱ የጻፍኩትን እዚህ አስፍቼ አቀርበዋለሁ።

ሞዳፊኒል በፈረንሳይ የተሠራ ሲሆን፣ የታሰበውም ቀን በሥራ ላይ እያሉ እንቅልፍ በድንገት ለሚጥላቸው ሕሙማን ነው፤ በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሪታሊን በሚባለው ስም የሚታወቀው ሜቲልፌኒዴት ከእሱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ሲባ በሚባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ውስጥ ሊያንድሮ ፓኒዞን የሠራው ሲሆን፣ ስሙንም ከሚስቱ ከሪታ ስም ወስዶ አወጣለት። ዛሬ ዋና አገልግሎቱ ትኩረታቸውን መሰብሰብ ለሚሳናቸውና ከልክ በላይ ለሚቁነጠነጡ ሕፃናትና አዋቂዎች ነው። ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒቱ መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ክትትል ሲወስዱት ክፍል ውስጥ መቀመጥ፣ የጀመሩትን መጨረስ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሱሰኛ ሆንክ» ብሎ ማሸማቀቅ ነውር ነው። ጥያቄው ሕመሙ የሌለበት ተማሪ ቢወስደው ምን ያገኛል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣቶችን አንድ ጊዜ አዴራል፣ ሌላ ጊዜ ምንም የሌለበትን ክኒን ሰጥተው በማስታወስ፣ በፈጠራና በማመዛዘን ፈተናዎች ለኳቸው። በውጤታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። አዴራል የወሰዱት ግን የተሻለ እንደ ሠሩ እርግጠኞች ነበሩ። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የያዘው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ነገር ከምርቃና በኋላ ፈተና ወድቀው ከመጡ ልጆች አንደበት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፦ «አውቄው ነበር እኮ! ሌሊት ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር።» ልጁ አይዋሽም። እንደ ገባው ተሰምቶታል። ዶፓሚን የሚሰጠው ስሜት «ይህ ነገር ጠቃሚ ነው፣ ተሳክቶልሃል» የሚል ነው፤ ስሜቱ ደግሞ የገባው ነገር ቢኖርም ባይኖርም ይመጣል።

ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሌላ ጥናት ነገሩን በተሻለ ይገልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ይህ ጥናት ሜቲልፌኒዴት፣ ዴክስትሮአምፌታሚንና ሞዳፊኒልን በየተራ ለጤነኛ ወጣቶች ሰጥቶ አንድ አስቸጋሪ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ አደረጋቸው። እንቆቅልሹ በክብደትና በዋጋ የሚለያዩ ዕቃዎችን፣ የክብደት ገደብ ባለው ሻንጣ ውስጥ፣ ዋጋቸው ከፍተኛ እንዲሆን አድርጎ መምረጥ ነው። መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ይበልጥ ለፉ፤ ብዙ ጊዜ ወሰዱ፤ ብዙ ዕቃ አስገብተው አወጡ። የልፋታቸው ጥራት ግን ቀነሰ፤ ዕቃውን ያነሱትና ያስቀመጡት አስበው ከመሆን ይልቅ በዘፈቀደ ወደ መሞከር ያዘነበለ ነበር። ያለ መድኃኒት ጥሩ ይሠሩ የነበሩት ደግሞ በመድኃኒት ከመካከለኛው በታች የመውረድ ዝንባሌ አሳይተዋል።

በዚህ አንጻር ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሞዳፊኒል ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ ውስብስብ በሆኑ ሥራዎች ላይ፣ በተለይ በማቀድና በመወሰን ረገድ፣ የተወሰነ ጥቅም መኖሩን ዘግቧል። ስለዚህ «ምንም አይሠራም» ማለት አልችልም። ነገር ግን ከክኒኖቹ ይበልጥ የሚጠቀመው እንቅልፍ ያጣው፣ የደከመው ወይም ከመነሻው ትኩረቱ ዝቅ ያለው ሰው ነው። ንቃትና የሥራ ጥራት እስከ አንድ ደረጃ ድረስ አብረው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ንቃቱ ሲጨምር ጥራቱ ይወርዳል፤ ይርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህን በአይጦች ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ተኝቶ የተነሣ ጎበዝ ተማሪ ከጫፉ አጠገብ ነው ያለው፤ የሚጨመርለት ሁሉ ወደ ታች ይወስደዋል።

አሁን መድኃኒቱን ትተን ንባቡን ራሱን እንየው፤ ምክንያቱም ችግሩ ከዚያ የሚጀምር ይመስለኛል። የእኛ ተማሪ «አጠናሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩ ማለቱ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ አደረጉ፤ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ግን ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ በራሱ፣ ምንም ሳይቃምበት፣ የማወቅ ስሜትን ከማወቅ በላይ ያሳድጋል። በዚህ ላይ ያንኑ ስሜት የሚያሳድግ ቅጠል ወይም ክኒን ሲጨመርበት ተማሪው ምን እንዳላወቀ የሚያውቅበት መንገድ ሁሉ ይዘጋበታል። ችከላ በምርቃና የሚያስደስተውም ለዚህ ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ግን ምርቃና ያፈርሳል፤ ማንም በርጫ ላይ ያለ ሰው «ቆይ፣ አሁን ያልኩትን ድገምልኝ» ሲባል አይወድም።

እንቅልፍን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀን የተማርነው ነገር በማስታወሻችን ውስጥ የሚጸናው በምንተኛበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የዓይንና የእጅ ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት የነቃ ተማሪ እዚያ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ጨብሲ ሲጨምርበት ስካር በስካር ላይ ነው። ደግሞም አልኮልና ዲያዜፓም የሚያመጡት ሰመመን ከተፈጥሮ እንቅልፍ ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ደግሞ ትንፋሽን ሊያፍኑ ይችላሉ። ለዚያ የምህንድስና ተማሪ የከለከልኩት ለዚህ ነው እንጂ ለወረቀት ሕግ ብዬ ብቻ አይደለም። ለወራት ሲቅም ቆይቶ በድንገት ያቆመውን ደግሞ ዱካክ ይቀበለዋል፤ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት እየመሰለው ይባንናል፣ ሁለት ሌሊት ታግሦ በሦስተኛው ወደ ጫቱ ይመለሳል፤ ዱካኩ ከቀናት በኋላ እየቀለለ እንደሚሄድ የነገረው ሰው የለም።

በውጭ አገር ይህ ጉዳይ ሲነሣ ዋናው ክርክር ኩረጃ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ዱክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ወስዶ የትምህርት ውጤትን ማሻሻልን ከኩረጃ ቆጥሮ በደንቡ ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ዘንድ ግን «ቅሞ ነው ኤ ያመጣው» ብሎ የከሰሰ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ምክንያቱ ሥነ ምግባራችን ስለ ላላ አይመስለኝም፤ አብሮ የኖረ ሰው ቃሚው በውጤት እንደማይበልጠው በዓይኑ ስላየ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ተመድቦ የሚማር የድሬ ልጅ ጫት ማግኘት ቢቸግረው ውጤቱ ሲወርድ አላየንም።

የእኔን አስተያየት ለሚጠይቀኝ፣ ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጫን አይመቸኝም። የሴሚስተሩ ውጤት በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሚሰጥ ፈተና ሲወሰን፣ ሦስት ፈተና በሁለት ቀን ሲደረደር፣ ጥያቄው ደግሞ ከሃንድአውቱ ቃል በቃል ሲወጣ፣ አንድ ሌሊት ነቅቶ መሸምደድ ሞኝነት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ አጭር ጥያቄ የሚሰጥ መምህር ቅሬታ ይበዛበታል፤ የእሱ ተማሪዎች ግን በፈተና ሰሞን ከእኔ ዘንድ ብዙ አይመጡም፤ የእህቴ ልጅም ይህንኑ ነው የሚለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ነገሩን ከሁለት ወገን ይዞታል። በአንድ በኩል ለዓመታት የተማሩትን በአንድ ቀን የሚጠይቅ በመሆኑ በአንድ ሌሊት ችከላ የማይወጡት ነው፤ በሌላ በኩል ማለፊያው የሆነውን ከመቶ 50 ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን ስለማያገኝ ፍርሃቱ ከፍ ብሏል፣ የቴሌግራም ሻጮቹም ፍርሃቱን አይተውታል። ዩኒቨርሲቲዎች በር ላይ ጫት ከመፈተሽ ጎን ለጎን ቤተ መጻሕፍታቸውን በሙቀቱ ሰዓት የሚቀመጡበት ቢያደርጉት፣ ማለትም ማራገቢያው የሚሠራ፣ ውኃው የማይጠፋ፣ ወንበሩ የማይጎድል ቢሆን፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ለበርጫ ብቻ ባልቀረ ነበር።

በዚህ መካከል የሚቅመው መቃሙን፣ የሚውጠው መዋጡን ስለማይተው፣ ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የጻፍኩለትን እንዳለ ላስቀምጠው። ባዶ ሆድ ላይ አይቃምም፤ ረሀቡ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ጨጓራውም ያውቀዋል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አፍ ውስጥ ያለ ጫት የዚያን ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳል፤ ቡናና ኢነርጂ ድሪንክም እንዲሁ፣ ምክንያቱም የካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ይገኛል። አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው፣ በተለይ አምፒሲሊን ከሆነ፣ እየቃመ ቢውጠው መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደሙ ስለማይገባ ቅሞ ከጨረሰ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይውሰደው፤ አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ይነካል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚወስድ ደግሞ ካፌይን ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣለት ሁለት ሲኒ ቡና እንደ አራት ሊሆንበት ይችላል። ሞዳፊኒል የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ኃይል ያዳክማል፤ ይህም መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ለአንድ ወር ይቀጥላል፤ ይህን የቴሌግራም ሻጩ ለሴት ተማሪዎች አይነግራቸውም። የሚያነቃ ክኒንና ጫትን በአንድ ቀን ማዋሐድ በልብ ላይ ሁለት ጅራፍ ማሳረፍ ነው። ደረቱን የወጋው፣ ልቡ ከሥርዓት ውጭ የመታበት፣ ወይም ሰው በሌለበት ድምፅ መስማትና ጓደኞቼ ያሴሩብኛል ማለት የጀመረ ልጅ ካለ ደግሞ «ምርቃና ነው፣ ይለቀዋል» ሳይባል፣ ጠዋት ፈተና ቢኖርም ባይኖርም፣ በዚያው ሌሊት ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሐኪሙም ምን እንደ ቃመና ምን እንደ ዋጠ ሳይደበቅ ይነገረው።